ሕፃን በመድኃኒት ሲተኛ ትንፋሹን የሚጠብቅ ይኑር





እኔ በሰመራ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ የምገኝ ስሆን ቤተሰቤ የሚኖረው በአዋሽ ነው፡፡ ባለፈው ዓመት የሁለት ዓመት ልጄን ኦቾሎኒ ስትበላ ትን ብሏት ፍሬው ወደ ሳንባዋ ቧንቧ ገባ፡፡ ሳሏ አላቆም ቢላት ወደ አንድ ጤና ቤት ወሰድናት፡፡ በዚያ የነበረው ሰው በመንገድ ላይ እንዳታለቅስ ብሎ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጣት፡፡ ክፉ አስቦ አይደለም፡፡ ነገር ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ልጅቱ በእናቷ ጭን እንደ ተኛች ከንፈሯ ጠቆረ፤ ትንፋሿም ራቀ፡፡ እናቷ ስሟን እየጠራች፣ እየቀሰቀሰች፣ ፈጣሪ ረድቶን ደረስን፡፡

በአዲስ አበባ ሐኪሞቹ ብሮንኮስኮፕ በሚባለው መሣሪያ ፍሬውን አወጡላት፡፡ ከዚያ አስቀድሞ ግን መዘኗት፤ መድኃኒቱ የሚለካው በኪሎዋ ነውና፡፡ መቼ እንደ በላችም ጠየቁን፤ ነገሩ አስቸኳይ ካልሆነ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከእናት ጡት 4 ሰዓት መቆየት ይገባል አሉን፡፡ የደሟን ኦክስጅን የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ በጣቷ ላይ አደረጉ፡፡ አንዱ ባለሙያ ትንፋሿን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም፡፡

ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኪሊያን በ1897 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሰው የሳንባ ቧንቧ አጥንት ካወጣ ወዲህ ይህ ሕክምና ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ ሆኖም የሕፃን የአየር መንገድ ጠባብ፣ የኦክስጅን ስንቁም ጥቂት ነው፡፡ መርማሪውና ሰመመን ሰጪው የሚሠሩት በዚያችው በአንዲት ቀዳዳ ላይ ነው፡፡ ስለዚህ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም፡፡

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ እንደ እኔ ከወረቀት ጋር ለሚውሉ ባልደረቦቼ ነው፡፡ የጣት መሣሪያ፣ የሕፃን ሚዛን፣ የኦክስጅን ጭምብል የሚል የግዥ ዝርዝር ጠረጴዛችን ላይ ሲመጣ «ለሚቀጥለው በጀት ይቆይ» ብለን አንሰርዘው፡፡ ጤና ቤቶችም ትንፋሽ ላጠረው ልጅ ጠባቂ ባለሙያና ኦክስጅን በሌለበት የሚያስተኛ መድኃኒት አይስጡ፡፡ ወላጆች ደግሞ ለትንንሽ ልጆች ኦቾሎኒና ቆሎ ከመስጠት እንቆጠብ፡፡

ልጄ ዛሬ ደኅና ናት፡፡ ከሰመራ የሚነሣ ልጅ ግን ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛልና፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ያስቡበት እላለሁ፡፡

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሰመራ