ጣልያንኛ ተማሪ ላይ የምትስቁ ሆይ!

«ጣልያንኛ? ደግሞ እሱ ምን ሊሠራልህ?» ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጣልያንኛ የሚማር ልጅ ይህችን ጥያቄ ሰምቶ አይጨርስም። ጠያቂው ግን ማኪያቶውን ፉት ብሎ፣ ጎማውን ጎሚስታ ጋ አስነፍቶ፣ «ቻው!» ብሎ ነው የሚሄደው። የማን ቃላት መስለውት ይሆን? ኧረ እንተዛዘን!

«የወራሪ ቋንቋ ነው» የሚሉም አሉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተሠራብንን አልረሳንም። ታዲያ ወራሪው የጻፈውን በራሱ ቋንቋ አንብቦ የሚሞግትልን ማን ነው? ቋንቋውን የተማረው ልጅ አይደለም?

ከሁሉ የሚብሰው ግን ክፍል ውስጥ ያለው ሳቅ ነው። ተማሪው አንድ ግስ ካጣመመ ከኋላ ወንበር ይሳቅበታል። ከዚያ ወዲያ አፉን አይከፍትም። ሰዋስው ሸምድዶ «ኤ» ያመጣል፤ «ቦንጆርኖ» ሲሉት ግን ይርበተበታል።

እኛ የምንለው ይህ ልጅ ባዶ እጁን አልመጣም ነው። በጣልያንኛ «ፓላ» ላልቶ ሲነበብ አካፋ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኳስ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ይደናቀፋል። «ገና» እያለ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ ላደገ ልጅ ግን ጨዋታ ነው። «አንተ»ን ከ«እርስዎ» የለየ አፍም «ቱ»ን ከ«ሌይ» መለየት አይከብደውም።

መምህራን ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩት። በራስ መተማመን የሚጀምረው ከዚህ ነው። የቀረው ጮክ ብሎ፣ ደጋግሞ መሳሳት ነው። እናንተም ሳቃችሁን ዋጥ አድርጉና ዓረፍተ ነገሩን አስጨርሱት!