የፊንጫ ውሃና የሰሜን ባሕር ዘይት

ነቀምቴ ላይ ነዳጅ የሚያነጋግረን ሲጠፋ ነው። ማደያው ፊት የባጃጅ ሰልፍ ሲረዝም፣ ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር ሲቸረቸር ዋጋውን እንረግማለን። ነዳጁ ከመሬት ሲወጣ ምን ያህል ጭስ እንዳስከተለ ግን ማን ይጠይቃል? አይፈረድብንም። ከጂቡቲ ወደብ አዲስ አበባ፣ ከዚያም 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ያለው ጣጣ ይበቃናል።

ጥያቄውን የምር የያዙት ኖርዌዮች ናቸው። ባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጣ መድረክ ራሱ ብዙ ኃይል ይበላል፤ ፓምፑም መጭመቂያውም የሚዞሩት በአብዛኛው እዚያው በሚነድ ጋዝ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1991 በካርቦን ላይ ግብር ጣለች። ማቃጠል ገንዘብ ሲያስወጣ ኩባንያዎቹ መላ ፈለጉ። ትሮል ኤ የተባለው መድረክ ከ1996 ጀምሮ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ከየብስ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ በ2019 ማምረት የጀመረው ዮሃን ስቨርድሩፕም እንዲሁ። የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ የእነዚህ መድረኮች ጭስ በእጅጉ ቀንሷል።

ሥራው ያስመሰግናል፤ ሒሳቡ ግን ጎዶሎ ነው። ከአንድ በርሜል ዘይት አብዛኛው ካርቦን የሚወጣው ሞተር ውስጥ ሲነድ ነው። ዘይቱ ውጭ አገር ሲሸጥ ያ ጭስ በገዢው አገር ስም ይመዘገባል። ሻጩ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ሰማዩ ግን ያው ነው።

ወለጋም የውሃ ኃይል አላት። እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረው ፊንጫ ዛሬ 134 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ አመርቲ ነሼ የተባለው ማመንጫም ተጨምሮበታል። ለፊንጫ ግድብ ሲባል የጮመን ረግረግና በዙሪያው ያለው የግጦሽና የእርሻ መሬት በውሃ ተውጧል፤ ዋጋውን የከፈለው የአካባቢው ገበሬ ነው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖልም እ.ኤ.አ. በ2008 ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር መደባለቅ ጀምሮ ነበር። ነቀምቴ ግን መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተር ታስነሳለች። ፊንጫ የዓባይ ገባር ነውና፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት እዚህ ላይ ተረት አይደለም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ሰው ግን ከተማ ውስጥ የሚሄደው በራሱ አውቶሞቢል ሳይሆን በባጃጅ ነው። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ መሻገሩን ከባጃጅ እንጀምር። መንገዱ አጭር ነው፤ ማታ ቤቱ ያድራል፤ እዚያው ቻርጅ ይደረጋል። የሚያስፈልገው ለማኅበራት ብድር፣ ባትሪ የሚጠግን ባለሙያና የማይንገዳገድ የመብራት መስመር ነው።

«መብራት እየጠፋ?» ይሉኛል። ቤንዚንስ ጠፍቶ አያውቅም? ባትሪ ቢያንስ መብራት ባለበት ሰዓት ያጠራቅማል፤ ባዶ ማደያ ግን ከሰልፍ በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። ኖርዌይ የውሃ ኃይሏን ዘይት ለማውጣት ታውለው፤ እኛ ደግሞ የእኛን የውሃ ኃይል ዘይት ላለመግዛት እናውለው።