ከብቱን ከመሸጣችሁ በፊት

ከከሚሴ የደረሰኝ ጥያቄ አጭር ነው። «እናቴ ልቧ ይዘልላል፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። የልብ በር ጥበት አለባት ተብላ ዋርፋሪን ትወስዳለች። አንድ ዘመዳችን ውጭ አገር ልብን ከውስጥ በቱቦ የሚያቃጥል ሕክምና አለ፣ ከዚያ በኋላ ኪኒን ይቀራል አለን። ከብቱን ሸጠን እንላካት?»

እህቴ፣ ሕክምናው እውነት ነው። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ደም ሥር ገብቶ ልብ ይደርሳል። ከሳንባ የሚመጡት ደም መላሾች ከግራው የላይኛ የልብ ክፍል ጋር በሚገናኙበት ዙሪያ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ጠባሳ ያበጃል። ምት የሚያዛባው የኤሌክትሪክ ምልክት ጠባሳውን አያልፍም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ደም ሥሮች እንደሚነሳ የፈረንሳይ ሐኪሞች ከቦርዶ ያሳወቁት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው።

የእናትሽ ችግር ግን ሥሩ ሌላ ነው። የበር ጥበት በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከሚከተል የሩማቲክ ትኩሳት ነው። በሩ ሲጠብ ደም ከኋላው ይጠራቀማል፤ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፤ ምቱም ይዛባል። በሩ እንደጠበበ ቢቃጠል ምቱ ተመልሶ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ የልብ ሐኪሙን አስቀድማችሁ የምትጠይቁት «በሩ በፊኛ ይከፈታል ወይስ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?» ብላችሁ ነው።

ኪኒን ይቀራል የተባለው ደግሞ አደገኛ ወሬ ነው። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ጥናት፣ የዚህ ምት መዛባት ብቻውን የስትሮክን አደጋ 5 እጥፍ ያህል ሲጨምር፣ ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር ሲሆን ግን ወደ 17 እጥፍ አድርሶታል። ምቱ ቢስተካከል እንኳ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ደም ማቅጠኛውን አያቆምም። በ2022 እ.ኤ.አ. በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር፤ በእነሱ ዘንድ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ አሮጌው ዋርፋሪን ብዙ ሕይወት አትርፏል።

ዋርፋሪን ግን ክትትል ይፈልጋል። አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ምርመራው ደሴ ድረስ የሚያስኬድ ከሆነ የመኪናውን ገንዘብ አስቀድማችሁ መድቡ። ከብት መሸጥ ካለበት መጀመሪያ ለዚህ ይሸጥ።

ጎመን አይከለከሉም፤ ግን ዛሬ ተትረፍርፎ ነገ አይጥፋ፣ መጠኑ ተመሳሳይ ይሁን። ዲክሎፌናክና አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። ጫት ምትን ያፈጥናል፤ ቢቀርባቸው ይሻላል። በረመዳንም ዋርፋሪን አይቋረጥም፤ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ከፊጥር በኋላ በአንድ ሰዓት ይዋጡት። መጾም ይችሉ እንደሆነ ግን ሐኪማቸው ይወስን።

ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ አንደበታቸው ከተሳሰረ ይሻላቸዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል። ድዳቸው ወይም ሽንታቸው ደም ካሳየም እንዲሁ።

በቤታችሁ ያሉ ትንንሽ ልጆች ጉሮሯቸውን ሲያማቸውና ሲያተኩሳቸውም ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። የእናታችሁ በር የጠበበው በዚያ ዕድሜ በጀመረ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በልጆቹ ላይ ግን በጊዜው በተሰጠ ፔኒሲሊን ሊገታ ይችላል።