«ናቹራል ነው» መልስ አይሆንም

ሲኒማ ራስ አካባቢ ወዳለ የመዋቢያ ሱቅ ገብቶ ፊት የሚያቀላ ክሬም የጠየቀ ሰው «ኬሚካል የለውም፣ ናቹራል ነው» ይባላል። ሻጭም ገዢም ከዚህ በኋላ የሚጠይቁት የለም፤ ከተክል የመጣ ቆዳ አይጎዳም ተብሎ ታምኗልና።

እስቲ ይህ «ናቹራል» ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን እንይ። ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ሜላኖሳይት በሚባሉ ሴሎች ውስጥ ይመረታል። ምርቱን የሚያስጀምረው ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ቆዳ ያቀላሉ የሚባሉት የዕፅዋት ውህዶችም በአብዛኛው የሚያውኩት እሱን ነው። ከእነዚህ አንዱ አርቡቲን ነው። አርቡቲን ሃይድሮኪኖን ከስኳር ጋር ተያይዞ የተገኘ ውህድ ነው። ሃይድሮኪኖን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች ያገደው፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን መልሶ ሊያጠቁር የሚችለው ያው ኬሚካል ነው። በተፈራው «ኬሚካል» እና በተወደደው «ናቹራል» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የስኳር ሞለኪውል ናት።

በጃፓን የደረሰውን ጉዳት ደግሞ እንመልከት። ካኔቦ የተባለው ኩባንያ በዛፍ ልጣጭ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘውን ሮዶዴንድሮልን ማቅያ አድርጎ ሸጠ። በ2013 እ.ኤ.አ. ምርቶቹን ከገበያ ሰበሰበ፤ ከ15,000 በላይ ሰዎች ቆዳ ነጫጭ ለምጥ መሰል ምልክት አውጥቶ እንደነበረም ታወቀ። ታይሮሲኔዝ ራሱ ውህዱን ወደ መርዝ ለውጦ ሜላኖሳይቶቹን ገድሏቸዋል።

ቤታችን ያለው ሎሚም ከዚህ ነፃ አይደለም። ጭማቂውን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ፊቱ ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል፤ በሎሚም በጤና አዳምም ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪኖች ብርሃን ሲያገኛቸው ቆዳን ይጎዳሉና።

ዕፅዋት ቀለም አይለውጡም ማለቴ አይደለም። ይለውጣሉ፤ ችግሩም ይኸው ነው። የሴልን ሥራ የሚያስቆም ነገር መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ መጠን፣ የጎንዮሽ ጉዳትና ተጠያቂ አለው። የማይሠራ ከሆነ ገዢዋ ተታላለች፤ የሚሠራ ከሆነ ያለ ሐኪም መድኃኒት ተሽጦላታል። ሻጩ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ።

ማዲያት ያስቸገራት ሴት መፍትሔ መፈለጓ አያስነቅፍም፤ አለርትን በመሰለ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም አለላት። ክሬም ሻጩ ግን የውህዱን ስምና መጠን በማሸጊያው ላይ ማሳየት ካልቻለ፣ «ናቹራል» ስላለ ብቻ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ አይገባም።