ማንቼ ይሸነፍልን

ግንቦት 13 ቀን 2017 ማታ ቢልባኦ ላይ፣ የቶተንሃሙ ብሬናን ጆንሰን በ42ኛው ደቂቃ ኳሷን እንደምንም ገፍቶ ሲያስገባት፣ ራቤል ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ቆርቆሮውን ያንቀጠቀጠው የእኛ የአርሴናል ደጋፊዎች ጩኸት ነው። ቶተንሃም ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 ረትቶ የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ ወሰደ፤ እኛም ራሳችን የወሰድነው ያህል ተቃቅፈን ወደየቤታችን ሄድን። ይህን ሰሜን ለንደን ለሚኖር የአርሴናል ሰው ብትነግሩት ጤንነታችሁን ይጠራጠራል። እሱ ቶተንሃም ዋንጫ ሲያነሣ ከሚያይ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያድር ይመርጣል።

እኔ ግን አላፈርኩም። ቶተንሃም ምን አድርጎኝ? ወረዳችን ግሼን ከዳር እስከ ዳር ብትዞሩ አንድ የቶተንሃም ደጋፊ የምታገኙ አይመስለኝም። ጠዋት ሱቅ በር ላይ ጠብቆ የሚያበሽቅ ሰው የሌለው ክለብ እንዴት ተብሎ ይጠላል? ማንቼ፣ የዩናይትድ ደጋፊው፣ ግን ጎረቤቴ ነው፣ የሚስቴ ወንድም ነው፣ የልጄ አስተማሪ ነው። ቡና ስንጠጣ አለ፣ ለቅሶ ቤት አለ፣ ዕድር ላይ አለ። ዩናይትድ ሲያሸንፍ እኔን የሚያሸንፈኝ እሱ ነው፤ ኦልድ ትራፎርድ የተቀመጠውን እንግሊዛዊማ መቼ አውቀዋለሁ?

ብዙ ሰው ይህን ባላንጣነት ከፈረንጅ የተዋስነው ይመስለዋል። የተዋስነው ማሊያውን ነው። ለንደን ውስጥ ሰው ክለቡን ከሰፈሩ ይወርሳል፤ እኛ የወረስነው ከዘመኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1988 እስከ 1996 በተጠናቀቁት ዘጠኝ የውድድር ዘመናት የእንግሊዝን ሊግ ከሁለቱ በቀር ያሸነፈ አልነበረም፤ ስድስቱን ዩናይትድ፣ ሦስቱን አርሴናል። የሳተላይት ሳህን በየከተማችን ጣራ ላይ መታየት የጀመረው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ካኑንና ቪዬራን ያየ አርሴ ሆነ፤ ቤካምንና ሮይ ኪንን ያየ ማንቼ ሆነ፤ ታላቅ ወንድም አርሴ ከሆነ ታናሹ ለነገር ሲል ማንቼ ሆነ። በ1991 ዩናይትድ ባየርን ሙኒክን በባከነ ሰዓት በሁለት ጎል ሲገለብጥ፣ በ1996 ደግሞ አርሴናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን ሲጨርስ ምርጫው ታተመ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ልጅ የአባቱን ወይም የአባቱን ተቃራኒ ያዘ። መንዝን ላሎ፣ ማማ፣ ጌራ ብሎ ተከፋፍሎ ለኖረ አገር ሰው ጎራ መያዝ ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

ይህ ባላንጣነት ስንት ነገር እንደሚሻገር ዘንድሮ አይተናል። የቻምፒየንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ የዋለው በዐቢይ ጾም ነው። መጋቢት 30 ማታ ዴክላን ራይስ ሪያል ማድሪድ ላይ በ12 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ቅጣት ምት አስቆጥሮ፣ ሜሪኖ ሦስተኛውን ሲጨምር እኛ ሰማይ የነካን መሰለን። የመልሱ ጨዋታ የገጠመው ግን ሚያዝያ 8፣ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም። ቀን ሲሰግድ የዋለ ጉልበት ማታ በ4 ሰዓት አግዳሚ ላይ ተደርድሯል፤ ብርዱን ለማታውቁት፣ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚያየው። ሳካ ገና በ13ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምቱን ኩርቱዋ እጅ ላይ ሲያስቀምጥ ከኋላዬ አንዱ ማንቼ «ቀኑን ሙሉ የሰገድከው ለዚህ ነው?» አለ። ዋጥ አደረግኩት። በ65ኛው ደቂቃ ሳካ ራሱ ካሰ። መጨረሻ ላይ ማርቲኔሊ ሁለተኛውን ደግሞ በድምር 5 ለ 1 ስናልፍ ዘለን ተነሣን፤ እጃችንን ዘረጋንና እዚያው አየር ላይ ቀረ። መተቃቀፍ የለማ! እርስ በርስ እየተያየን እጃችንን ወደ ጋቢው መለስን።

በማግስቱ አንድ አባት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አቆሙኝ።

«ልጄ፣ ሌሊት ሲጮህ የነበረው ምንድን ነው?»

«ኳስ ነው፣ አባቴ። አርሴናል አሸንፎ ነው።»

«ካሸነፈማ ምን ያስጮኸዋል?» ብለው አለፉ።

ያን ዕለት፣ ጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ ተራው የማንቼዎች ሆነ። ሊዮንን 2 ለ 0 መሩ፣ 2 ለ 2 ተያዙ፣ በተጨማሪው 30 ደቂቃ 10 ሰው በቀረው ቡድን 4 ለ 2 ተመሩ። እኛ እየተነሣን ነበር። ከዚያ ብሩኖ ፈርናንዴዝ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ማይኖ፣ በመጨረሻም ማጓየር በጭንቅላቱ! ለዓመታት እኛም እነሱም አንድ ላይ ስንስቅበት የኖርነው ማጓየር። 5 ለ 4፣ በድምር 7 ለ 6። ከቤት ስንወጣ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ ዕለቱ ስቅለት ሆኗል። ጠዋት ለስግደት ስንሰለፍ ከጎኔ የቆመው ማንቼ ግንባሩን ከመሬት ባነሣ ቁጥር ፈገግታው ይታየኝ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ቀኑን አክብሮ። ፋሲካ ማታ ግን ዶሮው ሳይቀርብ ጀመረ።

እንግዲህ ስለዚህ ክለብ የማምነውን ልናገር። ዩናይትድ ዘንድሮ ሊጉን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨርሷል፤ 18 ጊዜ ተሸንፏል። እንዲህ ያለ ቡድን በዩሮፓ በኩል ዞሮ ቻምፒየንስ ሊግ ሊገባ አንድ ጨዋታ ቀርቶት ነበር። ቶተንሃምም ቢሆን 17ኛ ነው፤ 22 ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ አንሥቶ ቻምፒየንስ ሊግ ገብቷል፤ ዩናይትድን ግን በዚህ ዓመት አራት ጊዜ ገጥሞ አራቱንም አሸንፏልና ለሱ ልፍረድለት። «ማንቼ ትልቅ ክለብ ነው፣ እሱ ከሌለ ውድድሩ አይደምቅም» የሚሉኝ የእኛው ሰዎች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። 15ኛ የወጣ ማንቼን ማብሸቅ ምን ይጣፍጣል? ሰውየው ራሱ ቀድሞህ ቡድኑን ይሰድባል። እኔ የምፈልገው ማንቼ በመስከረም የሚያስፈራ፣ በግንቦት የሚሸነፍ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2003 8 ለ 2 የደፈቁን ዕለት ያ ውጤት እስከ ዛሬ በሰላምታ ፈንታ የሚጠሩን ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ሚያዝያ 2001 በግማሽ ፍጻሜ ሜዳችን ላይ መጥተው 3 ለ 1 አሰናብተውናል። የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚከፈለው ከደከመ ቡድን አይደለም።

ሌሎቹንማ በአጭሩ። ሊቨርፑል ሃያኛ የሊግ ዋንጫውን አንሥቶ ከዩናይትድ ጋር እኩል ሆኗል፤ በዚህ የተከፋው ማንቼ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እንዲያውም ለሊቨሮች እንኳን ደስ አላችሁ ብያለሁ። ቼልሲ ረቡዕ ማታ ሪያል ቤቲስን 4 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ሁሉ የሰበሰበ የመጀመሪያው ክለብ ሆኛለሁ እያለ ነው። ይበል፤ የኮንፈረንስ ሊግ ነው። ሲቲን መጥላት አልቻልኩበትም፤ ገንዘብ እንዴት ይጠላል? ግንቦት 11 ቀን 2016 በሁለት ነጥብ በልጦ ሊጉን ሲወስድብን እንኳ የተናደድኩት በሲቲ አልነበረም። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረበት ወቅት ነው፤ ውጤቱን ለመስማት ስልክ መደወል ነበረብን። እኔ ግን አልደወልኩም፤ አዲስ አበባ ያለው ማንቼው ዘመዴ ራሱ ደወለ። ሰውየው ለአዲስ ዓመት እንኳ ደውሎልኝ አያውቅም!

ከማንቼ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቤቲንግ ነው። ሚያዝያ 21 ማታ ፒኤስጂ ኤምሬትስ ላይ ሲገጥመን ዴምቤሌ በ4ኛው ደቂቃ አገባ። ሁላችንም አንገታችንን ስንደፋ የአርሴናል ማሊያ የለበሰ አንድ ወጣት ብድግ አለና ዓይናችንን ሲያይ መልሶ ተቀመጠ። ለፒኤስጂ ትኬት ቆርጧል። ልጁን አልቀየምኩትም፤ ሥራ የለም፣ ሃምሳ ብር አስይዞ ሁለት ሺህ ማለም ምን ኃጢአት አለው? ግን ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ማንን ያበሽቃል፣ ማንስ ያበሽቀዋል? በየሳምንቱ ወገኑ የሚለዋወጥ ሰው ባላንጣ መሆን አይችልም። ዲኤስቲቪ ቤታችን ውስጥ ጎል ሲገባ ሁለት ዓይነት ጩኸት ይሰማ ነበር፤ አሁን ማን ለምን እንደጮኸ መለየት እያቃተን ነው።

የባላንጣን ዋጋ አያቶቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። የገና ጨዋታ እኮ በዱላና በሩር የሚካሄድ ጦርነት ነው፤ አጥቢያ ከአጥቢያ ይገጥማል፣ ቅልጥም ይሰበራል፣ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ያወርደዋል፣ ጌታውም ቢሆን በዚያ ዕለት ቢዘለፍ አይቆጣም። ዘለፋው ግን ወሰን አለው። በማግስቱ እነዚያው ሰዎች በአንድ ደቦ ያጭዳሉ። ተሸናፊው ከሄደ፣ ከተቀየመ ወይም ከሞተ ለመጪው ገና የሚገጥም የለም።

እኛ ደግሞ በራሳችን ሊግ ይህ ወሰን ሲጣስ አይተናል። በ2011 መቐለ 70 እንደርታና ፋሲል ከነማ ለዋንጫ ተናንቀው መቐለ ሻምፒዮን፣ ፋሲል ሁለተኛ ሆኑ። በዚያ ዓመት የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ ሌላው ከተማ ሄዶ መጫወቱ ራሱ የክርክር ጉዳይ ነበር፤ ደጋፊ በክለቡ ሳይሆን በክልሉ መቆጠር ጀምሮ ነበርና። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ጦርነት መጣ፣ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ወጡ፣ በዚያው ዓመት ፋሲል የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሣ። ጎንደር ጨፈረች፤ ይገባታልም። እኔ ግን ያን ጊዜ የታየኝ ይህን ዋንጫ ማን ላይ ይጨፍሩበታል የሚለው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ቆይ ብቻ» ሲሉት የኖሩት ባላንጣ ሜዳ ላይ አልነበረም። የትግራይ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት ገና በ2017 ነው። ይህን የምለው የማንቼና የአርሴ ጨዋታችን ቀልድ መስሎ ለሚታያቸው ነው። ሰው በሚያበሽቀው ጎረቤቱ ላይ ዱላ ማንሣት የሚጀምረው ብሽቀቱ ሲያልቅበት ነው።

የራሴንም ቡድን ሳልነካ አላልፍም። እስከዚህ ግንቦት 2017 ድረስ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ሆነናል፤ ሊጉን ካነሣን 21 ዓመታችን ነው፤ ቻምፒየንስ ሊግን አንሥተን አናውቅም፤ በ1998 ፓሪስ ላይ ለፍጻሜ ደርሰን ባርሴሎና 2 ለ 1 ነጠቀን። ያለፈው ቅዳሜ ግን የአርሴናል ሴቶች ሊዝበን ላይ ያንኑ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነዋል። ይህን ለማንቼዎች ስነግራቸው «አይቆጠርም» አሉኝ። ለምን አይቆጠርም? ማሊያው አንድ፣ ዓርማው አንድ። የሚያሳዝነው ጨዋታውን ራሳችንም አላየነውም፤ ዲኤስቲቪ ቤቱን ክፈትልን ያለ የአርሴ ደጋፊ አልነበረም።

የፊታችን ቅዳሜ፣ ግንቦት 23 ማታ በ4 ሰዓት፣ ሙኒክ ላይ ፒኤስጂና ኢንተር ሚላን በቻምፒየንስ ሊጉ ፍጻሜ ይገናኛሉ። ፒኤስጂ ሊቨርፑልን በመለያ ምት፣ ከዚያ አስቶን ቪላን፣ ከዚያ እኛን ጥሎ ነው የደረሰው። ብዙው የእኛ ሰው ፒኤስጂ ቢወስድ ይሻላል ባይ ነው፤ «የጣለን ሻምፒዮኑ ነው» ብሎ ለመጽናናት። እኔ ይህን መጽናኛ አልፈልገውም። የጣለኝ ሰው ዋንጫ ይዞ ሲጨፍር አይቼ የምጽናናበት አንጀት የለኝም። ባርሴሎናን በድምር 7 ለ 6 ያሰናበተው፣ በ2015 ኢስታንቡል ላይ በሲቲ 1 ለ 0 ተነጥቆ የተመለሰው ኢንተር ይውሰደው። ማንቼዎች ደግሞ በሙሉ ለፒኤስጂ ሊጮኹ እንደተማከሩ ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ አይጠፋኝም፣ በቦታቸው ብሆን እኔም አደርገዋለሁ። እናንተም ከማን ጋር እንደሆናችሁ ከአሁኑ ተናገሩ፤ እሑድ ጠዋት መጥቶ «እኔ ብዬ ነበር» የሚል ሰው አንቀበልም።

የአርሴ ደጋፊው፣ ከራቤል
ግንቦት 21 ቀን 2017