የልጅ ኢያሱ ሁለት ቤቶች

የሰው ልጅ አመለካከት ከሰማይ አይወርድም፤ ባደገበት ቤትና በቀረበበት ገበታ ይቀረጻል። በጅጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች የሚኖር የቀበሌ ማኅበር አባልም ሆነ ሠራተኛ ይህን ለመገንዘብ ሩቅ መሄድ አያሻውም።

እንደሚታወቀው በ1908 ዓ.ም. የምኒልክ አልጋ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ወደ ሐረርጌ ወርዶ፣ ጅጅጋ ላይ ከሶማሌ ባላባቶች ጋር መከረ። የአዲስ አበባ መኳንንት «ሃይማኖቱን ካደ፣ የአባቶቹን ወግ ጣለ» ብለው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሻሩት።

ለመሆኑ የጣለው የየትኞቹን አባቶች ወግ ነው? እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ የምኒልክ ልጅ ነበሩ፤ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱበት። አባቱ ሚካኤል ግን እስከ 1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ መሐመድ አሊ የሚባሉ የወሎ ባላባት ነበሩ። ክርስትና በአዋጅ ይነሣ ይሆናል፤ አጎትና አክስት ግን በአዋጅ አይለወጡም። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ማደጋቸው እስከ ዛሬ የሚታይ ነው። መኳንንቱ ክህደት ያሉት ነገር ለወጣቱ የአባቱ ቤት ልማድ ነበር። በአንጻሩ ተፈሪ መኮንን ሐረር ላይ ከካቶሊክ ቄስ ተምረው ሲያድጉ ወግ ጣሉ ያላቸው የለም። ወግ የሚመዘነው በማን ሚዛን እንደ ነበር ከዚህ ይታያል!

ይሁን እንጂ ኢያሱን ጀግና አድርጎ ማቅረብም ስሕተት ነው። ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ «ተው» የሚለው ሰው አጣ፤ ይህም ራሱ አስተዳደግ ነው። የሻው ወዳጅነት በሹመት፣ በስጦታና በጋብቻ ከባላባት ጋር የሚቋጠር እንጂ፣ ግመል የሚጠብቀውንና የጉድጓድ ውኃ የሚቀዳውን ሰፊ ሕዝብ በሕግ እኩል የሚያደርግ አልነበረም። ስለሆነም እርሱ ሲወድቅ ወዳጅነቱም አብሮት ወደቀ።

የእኛስ ወራሾች? ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ሰዎች ሲገደሉና አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። በቀበሌ ስብሰባ ስለ ውኃውም ስለ ጽዳቱም በሰፊው እንነጋገራለን፤ መነጋገሩም ተገቢ ነው። ያ ልጅ ስለዚያ ቀን በየቤቱ፣ በሙስሊሙም ሆነ በክርስቲያኑ ገበታ ዙሪያ ምን እየሰማ እንዳደገ ግን ገና በአጀንዳ አልያዝነውም።