መጽሐፉን ሰጥተን መድረኩን ነጠቅን

«ተሐድሶ በትንንሽ ሕዝቦች ቋንቋ ላይ ሕይወት ዘራ» ይባላል። እኔም ወጣቶችን ሳስተምር ደጋግሜ ብዬዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ግን አናነሣውም፤ ደስ አይልማ!

በምሥራቅ ጀርመን ላውዚትስ በሚባል ምድር የሚኖሩ፣ ጀርመኖች ቬንድ ሲሏቸው የቆዩ፣ ዛሬ ሶርብ የሚባሉ የስላቭ ሕዝብ አሉ። ቁጥራቸው 60,000 ገደማ ነው ይባላል፤ ቋንቋውን የሚናገሩት ከዚያ በጣም ያንሳሉ። በ1147 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በስተ ሰሜን በነበሩት ዘመዶቻቸው ላይ የመስቀል ጦርነት ዘምቶባቸዋል። እርሱ እንኳ ከሉተር በፊት ነው፤ በእኛ አይቆጠርም።

በእኛ የሚቆጠረው ይኸውላችሁ። በ1548 ሚክላውሽ ያኩቢትሳ የተባሉ አገልጋይ አዲስ ኪዳንን ወደ ታችኛው ሶርብኛ ተረጎሙ። የሚያሳትምላቸው ግን አልተገኘም። በዚያ ቋንቋ የታተመ አዲስ ኪዳን የወጣው በ1709 ነው። በመካከሉ፣ በ1667፣ የብራንደንቡርጉ መስፍን ፍሪድሪኽ ቪልሄልም የሶርብኛ መጻሕፍት ተሰብስበው እንዲጠፉ አዘዘ። መስፍኑ ካቶሊክ አልነበረም፤ ፕሮቴስታንት ነበር።

ውጤቱን እዩት። ዛሬ ልጆች ሶርብኛን ከእናታቸው አፍ የሚሰሙበት ዋናው ስፍራ በባውትሰንና በካሜንትስ መካከል ያሉት የካቶሊክ መንደሮች ናቸው። የፕሮቴስታንቶቹ መንደሮች በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪ ሆነዋል፤ ብዙ መድረኮቻቸውም ጀርመንኛ ለሚሰብኩ ተሰጥተው ነበር። «ናዚዎች ናቸው ያጠፉት» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ በ1937 ዶሞቪና የተባለውን የሶርቦች ማኅበር ዘግተዋል፤ ግን ካቶሊኩንም ፕሮቴስታንቱንም ነው ያሳደዱት። ልዩነቱን አያስረዳልንም።

ቴክሳስስ? በ1854 መጋቢ ያን ኪሊያን ከአምስት መቶ በላይ ሶርቦችን መርተው ቤን ኔቪስ በተባለች መርከብ ተሻገሩ። የፕሮሲያ መንግሥት የሉተራንንና የካልቪንን ቤተ ክርስቲያን በግድ ሲያዋህድ አንቀበልም ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሰርቢን የምትባል መንደር መሠረቱ። ቋንቋችሁን ተዉ ያላቸው መስፍን እዚያ አልነበረም። ሆኖም የጉባኤው ቋንቋ አስቀድሞ ወደ ጀርመንኛ፣ ኋላም ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ለእምነታቸው ውቅያኖስ የተሻገሩ ሰዎች ቋንቋቸውን ለጎረቤት ምቾት ለቀቁት።

«ወንጌል ከተሰበከ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ምን አለበት?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን የተሐድሶ ልጆች ሲጠይቁት ይገርመኛል። ሉተር በ1522 አዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ ያሳተመው የላቲኑ መጽሐፍ ጠፍቶበት አልነበረም።